ጆፌው የታየ ዕለት

ፀዳለ ጂንካ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ቅዳሜ ገበያው ሲደራ ሌሎቹ ሰፊዎች ቀና ማለት ሲያቅታቸው፣ እሷ ሲንጀሯን ቆልፋ፣ እስከ መንገዱ ጫፍ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሯ ደጋውን ወጥታ ገደል ስትጠብቅ ትውላለች። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ያውም በነጻ። አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ ጆፌ አሞራ ድሮ የሚፈለፍለው እዚያ ገደል ላይ ነበር። ለጅብ ተብሎ የተመረዘ ጥንብ ከፈጃቸው ወዲህ ግን ጫጩት የሚባል አልታየም። «ሳላየው አልሞትም» ትላለች ፀዳለ። ሰው ይስቃል፤ እሷ እቴ፣ ግድም የላት።

በሰባተኛው ዓመት ነገሩ ከረረ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ጫጩት መኖሩ ካልተረጋገጠ ጥበቃው ቀርቶ ገደሉ ለድንጋይ ማውጫ ይሰጣል ተባለ። የሚያረጋግጠውም በየቅዳሜው በሚሞላው ቅጽ ላይ የሚሰፍር የነባሯ በጎ ፈቃደኛ፣ የፀዳለ ፊርማ ነበር።

በዚሁ መሃል ትህትና የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሆና ገባች። በመጀመሪያው ቅዳሜዋ፣ ፀዳለ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ስታስር፣ «እትዬ ፀዳለ፣ ያ ጥቁሩ ምንድን ነው?» አለቻት።

ፀዳለ የሩቅ ማያ መነጽሩን ነጥቃ አየች። ጭራው እንደ ሽብልቅ የሾለ፣ ራሱ ገና ያልነጣ፣ ዘንድሮ የተፈለፈለ የጆፌ ጫጩት ከገደሉ ተነስቶ ሁለቴ ዞሮ ተመለሰ። ደስታው ሊመጣ ሲል ቅናቱ ቀደመው። ሰባት ዓመት ብርድ የቆረጠማት እሷ፣ ያየችው ጫማዋን እንኳ ጭቃ ያልነካው ልጅ!

«ተራ ጥንብ አንሳ ነው» አለች። ቅጹ ላይ ዜሮ ተጻፈ፤ ፀዳለም ፈረመች።

ከዚያ ወዲያ ትህትና ቀረች። ፀዳለ በሚቀጥሉት ሦስት ቅዳሜዎች ብቻዋን ወጣች። «አሁን እኔ አየዋለሁ፣ በስሜም ይጻፋል» ብላ ነበር፤ ገደሉ ግን ጉም ለብሶ ዋለ። ግንቦት ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው «ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው» ሲል ሰማችና፣ በማግስቱ አዲስ ቅጽ ይዛ ልጅቷ ዘንድ ሄደች።

«ያየሽው ጆፌ ነበር» አለቻት። «ያን ዕለትም እያወቅኩ ነው የዋሸሁት።»

ትህትና አንገቷን ደፋች። «እኔም አውቄ ነበር፣ እትዬ። ሰባት ዓመት የጠበቁትን በአንድ ቀን ስቀማዎ አፈርኩ። የቀረሁት መጀመሪያ እርስዎ ይዩት ብዬ ነው።»

ፀዳለ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ «መጀመሪያ ያየው» በሚለው ፊት የልጅቷን ስም ጽፋ ፈረመች። ገደሉም ተረፈ። ልጅቷ ጆፌውን ቀድማ ማየቷን ፀዳለ ይቅር ብላታለች፤ እንዲያ ደግ መሆኗን ግን እስከ ዛሬ አልቻለችውም።