አራተኛ ሰው ሲጎድል

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ሰናይት ጉልበቷን በፋሻ ጠቅልላ፣ ኮፍያዋን ደፍታ፣ «ምሳህ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ» ብላኝ ወጣች። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትሄደው ሩንዳ የሚባለው የናይሮቢ የሀብታም ሰፈር፣ ፒክልቦል ልትጫወት ነው። የልጅ ልጃችን ሊያ ልትወስዳት መጥታ መኪናው ውስጥ ትጠብቃታለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ዛሬ ከማን ጋር ነው የምትጫወቱት ብዬ ብጠይቅ፣ ሊያ በመስኮት ብቅ ብላ «አባባ፣ ኮርቱ ቡክ የተደረገው ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሃራካ፣ ቶሎ በሉ፤ አርፍደናል» አለችኝ።

የጠየቅኩትን ማንም አልመለሰልኝም። በልቤ የጠየቅኩት ስለ አንድ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጥርሱ ሁሉ የራሱ የሆነ፣ ሁልጊዜ ከሰናይት ጋር በአንድ ወገን የሚሰለፍ ሰውዬ ነው። እኔ ጉልበቴ ከከዳኝና ከሜዳው ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀናተኛ ነኝ፤ ዕድሜ ያበርደዋል ሲሉ ሰምቼ ጠብቄ ነበር፤ አላበረደውም።

ጨዋታውን ለማያውቀው ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ሜዳው ከቴኒስ ሜዳ በጣም ያንሳል፤ መረቡ ወገብ አካባቢ ነው። መምቻው ከፒንግፖንግ መምቻ ተለቅ ይላል፤ ኳሷ የተበሳሳች ፕላስቲክ ናት። ሁለት ለሁለት ሆነው ይጫወታሉ፤ ቀድሞ አሥራ አንድ የሞላለት አሸናፊ ነው። ዛሬ ሰዉ ሁሉ ምን ነክቶት እንዲህ እንደተለከፈበት ሲጠያየቅ እሰማለሁ። እኔ መልሱን ያገኘሁት ከአርባ ዓመት በፊት፣ በቅናት ተንጨርጭሬ ነው።

ናይሮቢ የገባሁት ደርግ ጓደኞቼን አንድ በአንድ ሲለቅም፣ በሞያሌ በኩል ነው። ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ጭነት አወርድ ነበር፤ የምኖረውም እዚያው ሰፈር በአንዲት ክፍል ነው። ሰናይት አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች ልጅ ናት። ሩንዳ፣ ማዳም ሄለን የምትባል ፈረንጅ ቤት ልጆች ትጠብቃለች። ፋሲካ ሲያልፍ ልንጋባ ተስማምተናል። ወላጆቻችን ሩቅ ስለሆኑ ለእኔም ሽማግሌ፣ ለእሷም አባት የሆኑልን ጋሽ ሀብቴ ናቸው። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ የየካቲት ፀሐይ አናት ሲበሳም ከረባታቸውን አያወልቁም። ልጅቷን ለእኔ የሚጠይቁልኝም፣ ፈቅጃለሁ ብለው የሚሰጡኝም እሳቸው ናቸው፤ ስደት እንዲህ ያደርጋል።

እሁድ የእኛ ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መንገድ ዳር በከሰል የተጠበሰ በቆሎ እገዛለሁ። ሻጯ ሎሚ በሚጥሚጣ ነክራ ታሽልናለች፤ በየገላጣው ሣር ላይ ተቀምጠን እሱን እየፈለፈልን ስለሚመጣው ቤታችን እናወራለን። ሌላ የምናወራው ነገርም አልነበረን። ሁለታችንም የስደተኛ ወረቀት እየጠበቅን ነበር፤ በየወሩ ቢሮ ሄደን ስማችንን ዝርዝሩ ላይ እንፈልጋለን፣ አጥተን እንመለሳለን።

ገና ካለፈ በኋላ አንድ እሁድ ሰናይት ቀረች። በቆሎው በሽፋኑ እንደተጠቀለለ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በሳምንቱ ስትመጣ ጉንጯ ቀልቷል፣ ወሬዋ ሁሉ ጨዋታ ሆኗል። ማዳም ሄለን ከአገሯ መምቻና ኳስ አስልካ፣ የመኪና ማቆሚያው ሲሚንቶ ላይ በኖራ መስመር አስምራለች። ጎረቤቷ ፒተርና ዘበኛው ሙቲሶ ገቡ፤ አራተኛ ስለጠፋ ሰናይትን ጠሯት። ከዚያ ወዲያ ፒተር እንዲህ መታ፣ ፒተር እንዲህ አሳቀን ነው። አንድ ቀን ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ፒተር ስንት ዓመቱ ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ዕድሜው ምን ያደርግልሃል?» ብላ ስለ መምቻ አያያዝ ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት እሁድ ግማሽ ግማሹን ነው። ጸሎቱ እንዳለቀ ሰዓቷን ታያለች፤ በቆሎውን ቆማ ትበላና ወደ ሩንዳ ትሮጣለች። እኔ ጭነት ሳወርድ ፒተር፣ ሻይ ስጠጣ ፒተር፣ ራሴን በመስታወት ሳይ ፒተር። ሰውዬውን አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም፤ ቁመቱን ግን በየቀኑ እጨምርለት ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ እንደማጣት እርግጠኛ ሆንኩ።

ጋሽ ሀብቴ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ይገስጹልኝ፣ አባቷ አይደሉም እንዴ አልኳቸው። በነገሩ አዝነው፣ እሁድ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሩንዳ ወረዱ። ሰኞ በምሳ ሰዓት መጋዘኑ በር ላይ ጠበቁኝ። ከረባታቸው አንገታቸው ላይ የለም። እጃቸውን ስጨብጥ መዳፋቸው ውሃ ቋጥሯል።

«ነገሩን አየሁት፣ ልጄ» አሉኝ ፊታቸውን ዞር አድርገው። «ግን ገና አልተጣራም። በሚመጣው እሁድም ተመልሼ ማየት አለብኝ።»

ቀስ በቀስ ሳወጣጣ፣ ማዳም ሄለን ቁርጭምጭሚቷን ወለም ብሏት ኖሮ፣ ሙቲሶ የእሷን መምቻ እጃቸው ላይ አኖረላቸው። ለሽምግልናው እንዲመች ብለው ነው የያዙት። ከዚያ አራት ጊዜ ተጫወቱ፤ በአራተኛው አሸነፉ። አሁን እንግዲህ በሽማግሌዬም መቅናት ጀመርኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሰናይት የማዳምን ዕቃ ከአውሮፕላን ማረፊያው ለመቀበል ከሾፌሩ ጋር መጥታ በክፍሌ አለፈች። በእጇ ሙቲሶ ከኮምፔርሳቶ ቆርጦ የሠራላት መምቻ ነበር። እጀታው እንዳያንሸራትት የብስክሌት ካላማዳሪ ተጠምጥሞበታል። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ስሟን ጽፋበታለች።

«እስኪ ያዘው» አለችኝ። «ግድግዳው ላይ ሞክርበትና ነገ ይዘኸው ና። አስተምርሃለሁ።»

አልያዝኩትም። አልጋዬ ላይ አስቀምጣው ሄደች። መኪናው ከዓይኔ እንደራቀ መምቻውን በጉልበቴ ሰብሬ ከሰል ማንደጃው ውስጥ ጨመርኩትና ሻይ ጣድኩበት። ካላማዳሪው ጥቁር ጭስ አወጣ፤ ክፍሉ ውስጥ መቆም አቃተኝ፤ ሻዩም ጎማ ጎማ አለ። ቢሆንም እልህ ነውና እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። እንዲያ የጠላሁት ሻይ የለም።

እሁድ ያችኑ አንድ ኮቴን ለብሼ ሩንዳ ሄድኩ። የሄድኩት ልጫወት አይደለም፤ ፒተርን በዓይኔ ለማየት ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ቀዩ አፈር ጫማዬ ላይ ተለጥፏል። ከአጥሩ ማዶ የኳሷ ድምፅ ቶክ፣ ቶክ ይላል። ሙቲሶ በሩን ከፈተልኝ። ማዳም ሄለን እግሯን በፋሻ ታስራ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጋሽ ሀብቴ በሸሚዝ፣ ሰናይት በነጭ ሸራ ጫማ ቆመዋል። ፒተር የለም። ጋሽ ሀብቴን ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው «እሱማ ረቡዕ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሄደ እኮ፤ ሦስት ሆነን ነው የምንንገላታው» አሉኝ። ሰናይት ሳትነግረኝ የቀረችው ወሬው ወሬ ሆኖ ስላልታያት ነው።

መምቻው የታለ አለችኝ። ሌባ ወሰደው አልኳት። ቀረብ አለች፤ የኮቴን ኮሌታ በሁለት እጇ አቃናችልኝ፤ እዚያው እንደያዘችው ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ምንም አይደል፣ ሙቲሶ ሌላ ይሠራል» ብላ የማዳምን መምቻ ከጋሽ ሀብቴ እጅ ነጥቃ ሰጠችኝ፤ ለእሳቸው የፒተርን አመጣችላቸው። በሰው ፊት ኮሌታዬን ስትነካ የመጀመሪያዋ ስለነበር፣ ያቺን ዝምታ ለዓመታት በፍቅር መዝግቤ ኖሬያለሁ።

ሦስት ኳስ ሳትኩ። አራተኛዋን መታኋት። ቶክ ብላ መረቡን አለፈች፤ ሙቲሶ መለሳት፣ ሰናይት መታቻት፣ ተመልሳ መጣችልኝ። በቃ፣ ተያዝኩ። ያኔ ምን እንደያዘኝ አላወቅኩም ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ጭነት የሚያወርደው፣ ዘበኛው፣ ዳይሬክተሩ፣ ሞግዚቷ እዚያች ጠባብ ሲሚንቶ ላይ እኩል ናቸው፤ ለመሳሳቅም ለመተራረብም ይቀራረባሉ፤ ዛሬ የጀመረውም አንዳንዴ ያሸንፋል። ከሁሉ በላይ ግን ጨዋታው ያልቃል። የእኛ ነገር ለዓመታት አላለቀም፤ ዝርዝሩ አያልቅ፣ ጥበቃው አያልቅ። እዚህ ግን በሩብ ሰዓት አሥራ አንድ ይሞላል፤ ትሸነፋለህ፣ ወዲያው እንደ አዲስ ትጀምራለህ። «አንድ ጊዜ ብቻ» እያልኩ ስድስት ጊዜ ተጫወትኩ። ሰናይት ምን ፈልጋ ወደዚህ ትሮጥ እንደነበር ያን ዕለት ተረዳሁ፤ በፒተር መቅናቴ አሳፈረኝ፤ መምቻውን ማንደዴን ግን ለመናገር ወኔ አጣሁ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። ጋሽ ሀብቴ በሰርጋችን ላይ ሲመርቁ ቸኩለው ነበር፤ ከሰዓት ጨዋታ ነበራቸው።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ሰናይት ሩንዳ ተጫውታ ስትመለስ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ጠበቅኋት። ስለ ጥርስ ሐኪሙ ልጠይቃት ስል፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የመምቻው ነገር ከአፌ ወጣ። ሌባ አልሰረቀውም፣ እኔ ነኝ ያነደድኩት አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ኮትህ ካላማዳሪ ካላማዳሪ ይሸት ነበር።»

ኮሌታዬን ይዛ ዝም ያለችበት ጊዜ ትዝ አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ጫማዋን መፍታት ጀመረች። «ብናገርህ አኩርፈህ ትሄዳለህ። አራተኛ ሰው ደግሞ ጎድሎን ነበር።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ድስቱንም አሙቄ አብረን በላን። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የጥርስ ሐኪሙን ትቼዋለሁ። አሁን የምቀናው በዚያ ኮቱ ጎማ ጎማ በሚሸት፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ በሆነ ጎረምሳ ነው። ዕድለኛ ነበር፤ ልክ ሰው በጎደለበት ሰዓት ደረሰ። ዛሬ እኔ ሩንዳ ብሄድ አራቱም ሙሉ ናቸው።