ነጋሳ በካርታ ጠረጴዛ ላይ የሚያነበንበው

ነጋሳን ቁማርተኛ ቢሉት ከልቡ ይቀየማል። እሱ የሽንኩርትና የቲማቲም ዘር፣ የተባይ መድኃኒትም እያዞረ የሚሸጥ፣ አዳማ ላይ ቤት የሠራ፣ ሁለት ሴት ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ሰው ነው። እሁድ እሁድ ሚስቱ ትህትና ኳየር ውስጥ ስትዘምር እሱ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው ቁማር አይጫወትም፤ ካርታ ይቆጥራል። ልዩነቱን ለሌላ ሰው አስረድቶ አያውቅም። ለራሱ ግን ማስረዳት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ራሱን ማሳመን አልቻለም።

ነገሩ የተጀመረው ናይሮቢ ነው። የዘር አስመጪው ድርጅት ለሥልጠና ልኮት፣ ካረፈበት ሆቴል ምድር ቤት ያለውን ካዚኖ ለማየት ብቻ ብሎ ወረደ። አንድ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ሃያ አንድ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወት ቆሞ አየ። ሽማግሌው አንዴ ትንሽ፣ አንዴ ብዙ ያስይዛል፤ ብዙ ባስያዘ ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይበላል። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ጠብደል ጠባቂዎች መጡና በጨዋ ደንብ ይዘውት ወጡ። ነጋሳ በንግድ ያደገ ሰው ነውና እዚህ ቤት አንድ ነገር አለ ብሎ ጠረጠረ። በማግስቱ ስለ ጠብታ መስኖ ሥልጠና ሲሰጥ፣ እሱ ከጠረጴዛ ሥር ስልኩ ላይ ስለ ካርታ ቆጠራ ሲያነብ ዋለ።

ዘዴው ቀላል ነው። ከሁለት እስከ ስድስት ያለ ካርታ ሲወጣ አንድ ትደምራለህ፤ አሥር፣ ባለ ሥዕል ወይም አስ ሲወጣ አንድ ትቀንሳለህ። ድምሩ ከፍ ካለ የቀሩት ለተጫዋቹ የሚያደሉት ትልልቆቹ ናቸውና ብዙ ታስይዛለህ፤ ዝቅ ካለ እጅህን ትሰበስባለህ። ጽሑፉ ከአገር አገር ለሚዞር ቆጣሪም ምክር ነበረው። ብዙ እሽግ ካርታ ቀላቅለው ከሚያድሉበት፣ ግማሽ ሳይደርሱ ከሚበውዙበት ቤት ራቅ፤ ባንድ እሽግ ካርታ ብቻ የሚጫወቱበትን፣ እስከ መጨረሻው የሚያድሉበትን፣ አዳዩ ለመበወዝ የሚሰንፍበትን ፈልግ ይላል። ነጋሳ ይህን ሲያነብ፣ ዘር ሊሸጥ ሲሄድ ካርታ ሲጫወቱ የሚያይባት መቂ ትዝ አለችው። ብቻውን ሳቀ።

ሲመለስ የሥራ ጉዞውን እንደ አዲስ አወጣው። ሞጆ ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮቹ ሁለት እሽግ ካርታ ቀላቅለው በየዙሩ ይበውዛሉ፤ አይሆንም። ቆቃ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጨዋታ ወዳጆች ናቸው፣ ካርታቸው ግን ሁለት ንጉሥ ጎድሎታል፤ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ባቱ ተጫዋቹ ስለሚበዛ ሁለት ዙር ሳይታደል ካርታው ያልቃል። ሻሸመኔ አንድ አጭበርባሪ አለ፤ ነጋሳ ደግሞ አጭበርባሪ አይወድም! ይህን ሁሉ ማስታወሻው ላይ በዘር ነጋዴ ቋንቋ ጻፈው፤ «አፈሩ ደካማ»፣ «ዘር ይጎድላል»፣ «ተክሉ ተጣቧል» እያለ። ከመቂ አጠገብ የጻፈው «በደንብ ያበቅላል» የሚል ነበር። ትህትና አንድ ቀን ማስታወሻውን አገላብጣ «እንዴት ያለ ትጉህ ባል ነው የሰጠኝ» ስትል ማስታወሻውን ከእጇ ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

መቂ የሚጫወቱት ከሰዓት በኋላ፣ ኦሊቃ የሚባል ሰው በከፈተው ፑል ቤት ጓሮ ነው። ገበታው ጽሑፉ ያለውን ሁሉ ያሟላል፤ አንድ እሽግ ካርታ፣ አራት ሰው፣ እስከ መጨረሻው ይታደላል። ችግሩ ነጋሳ ራሱ ነበር። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ መቁጠር አይችልም። ድምፅ ሳያወጣ «ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» እያለ ያነበንባል። ኦሊቃ መጀመሪያ ያየው ቀን «ዝም በሉ፣ ጴንጤው እየጸለየ ነው!» አለ። ጠረጴዛው ሁሉ አውካካ። ነጋሳ ፈገግ አለ እንጂ አይደለም አላለም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ስሙ ፓስተር ነው። አልዋሸሁም ይላል እስከዛሬ። ውሸት ካልሆነ ምን እንደሆነ ግን እንጃ።

ከንፈሩ ደግሞ ልማድ ሆኖበት ሚኒባስ ውስጥም፣ ቸርች ውስጥም ይንቀሳቀስ ጀመር። ትህትና ለሴቶች ኅብረት «ባሌ መንገድ ላይ እንኳ ከጌታ ጋር ነው» ብላ መሰከረች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች የጸሎት ቡድኑን ምራልን አሉት። እምቢ ሲላቸው ጭራሽ ትሑት ሰው ነው ተባለ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ማክሰኞ ግን መቂ ነበር።

ጫምሳ ወደዚያ ጓሮ የመጣው ሽንኩርት ዋጋ ባወጣ ጊዜ ነው። ከመቂ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ግማሽ ሄክታር ያለው፣ ከነጋሳ ዘር የሚገዛ፣ እንደሱ አማኝ የሆነ ጎልማሳ ነው። ካርታ ነክቶ አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል። በሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ ነጋሳን አየ፤ ከንፈሩንም አየ። ጌታን የሚያውቅ ሰው እየጸለየ የተቀመጠበት ወንበር ምን ክፉ ነገር አለው ብሎ ገባና አጠገቡ ተቀመጠ።

እዚያ ቤት ባንኩን የሚይዘው፣ ማለትም የሚያድለውና ለበላው የሚከፍለው፣ ኦሊቃ አይደለም፤ ደህና ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ይይዛል፣ ሌሎቹ ሁሉ ከሱ ጋር ይጫወታሉ። ጫምሳ ባንክ መያዝ ወደደ። መበወዝ ግን ይሰለቸዋል። ነጋሳ ስልኩ ላይ ያነበበው ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች «ቤቱን አሸንፍ» የሚል ነበር። ናይሮቢ ቤቱ ባለ መስታወት ሕንፃ ነው፤ ቢሸነፍ ማንም አያዝንለትም። መቂ ግን ቤቱ ጫምሳ ነው። ይህ ለነጋሳ ግልጽ የሆነለት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ግልጽ ከሆነለት በኋላ አምስት ወር ተጫወተ።

ባለፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ አዲስ የመጣ ዘር ሊያሳየው ማሳው ድረስ ሄደ።

«አካም ጂርታ፣ ኦቦሌሳ!» አለው ጫምሳ፣ እንዴት ነህ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ ከውሃ መሳቢያ ፓምፑ አጠገብ ብድግ ብሎ። ፊቱ ጭምትር ብሏል።

«ምነው እንዲህ ከሳህ?»

«ጾም ላይ ነኝ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።» ፓምፑን በእግሩ ነካ አደረገው። «ቅዳሜ ይሄንን ላስይዘው ነው። የቀረኝ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ከጌታ ጋር መታረቅ አለብኝ።»

ነጋሳ ፓምፑን ተመለከተ። ያለ ፓምፕ ያ ማሳ የፍየል መዋያ ነው። «ተው ጫምሳ፣ ይቅርብህ፣ አትጫወት» አለው።

«አንተ ትጫወት የለም እንዴ?»

ነጋሳ ያመጣውን የዘር ከረጢት ካንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ወንድም ነጋሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቆጣኝ» አለ ጫምሳ። «እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንተ ትጸልያለህ፤ እኔም በልቤ እጸልያለሁ። አንተን ጌታ ይሰማሃል። እኔን አንድ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም። ሚስቴ ሙሉዬም ብትሆን ጌታ ፊቱን አዙሮብናል፣ ባሌ ነህና ያጠፋኸውን ንገረኝ እያለች ቸርች ከቀረች ሁለት ወር ሆናት። ያላጠፋሁትን ሳይቀር ተናዘዝኩላት። ምን አጥፍቼ ነው? አንተ የሚታይህ ነገር ካለ ንገረኝ።»

ነጋሳ ቢናገር የሚመጣውን ያውቃል። ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት መቂን ያዳርሳል፣ ዘር የሚገዙት ገበሬዎች ይርቁታል፣ ከዚያ አዳማ፣ ከዚያ የትህትና ጆሮ። ዝም ቢል ደግሞ ቅዳሜ ያ ፓምፕ የእሱ ነው ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ለራሱ ያስረዳው ሁሉ ትዝ አለው፤ ማታለል አይደለም፣ ማንም ዓይን ያለው የሚያየውን ማስታወስ ነው፣ ወዘተ። በሦስት ቀን ጾም የደረቀውን የጫምሳን ከንፈር እያየ ግን አንዱንም ከአፉ ማውጣት አልቻለም። ራሱን ተጠየፈ።

«አልጸልይም» አለ።

«ምን አልክ?»

«እዚያ ቤት አንድ ቀን ጸልዬ አላውቅም። እየቆጠርኩ ነው።»

ጫምሳ አልገባውም። ነጋሳ ከቦርሳው ካርታ አወጣ፤ መለማመጃ ይዞ ይዞራል። ቦዩ ዳር ጋቢውን አነጠፈና አንድ በአንድ እየገለጠ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አሁን ግን ጮክ ብሎ ቆጠረ። አራት ካርታ ሲቀር ቆመ። «ድምሩ አራት ደርሷል፤ ካርታው ሲያልቅ ዜሮ መሆን አለበት። ስለዚህ እነዚህ አራቱም ትልልቅ ናቸው።» ገለበጣቸው። ንጉሥ፣ አሥር፣ አስ፣ ንግሥት።

«ድገመው» አለ ጫምሳ።

ደገመው። ሁለተኛውንም አልሳተም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?»

«ሁልጊዜ። አንተ ከገባህበት ቀን ጀምሮ። የበላሁህን እመልሳለሁ፣ ጊዜ ብቻ ስጠኝ።»

ነጋሳ ለጥፊ ተዘጋጅቷል። ለስድብም፣ ለፖሊስም ተዘጋጅቷል። እንዲያውም ጥፊው ቶሎ ቢመጣለት በወደደ።

ጫምሳ ግን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እጁን ሲያነሳ እንባው ይወርዳል፤ ግን እየሳቀ ነው።

«እንግዲያው እሱ የለበትም» አለ። «እግዚአብሔር አልጠላኝም።»

«ጫምሳ ስማኝ፣ ገንዘቡን...»

አልሰማውም። ስልኩን አውጥቶ ደውሏል። «ሙሉዬ! ሙሉዬ ስሚኝማ! አልተወንም! ፊቱን አላዞረብንም! ወንድም ነጋሳ ካርታ ሲቆጥር ነው እንጂ ጸሎት አልነበረም! እዚሁ ነው፣ ራሱ ይንገርሽ።» ስልኩን አቀበለው።

ነጋሳ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

«እውነት ነው?» አለች ሙሉዬ።

«እውነት ነው።»

«ጌታ አይደለም?»

«አይደለም። እኔ ነኝ።»

ብዙ አለቀሰች። ነጋሳ ስልኩን ይዞ ቆመ፤ እስኪረግሙት መቆም ያለበት ይመስለው ነበር። ከዚያ ሙሉዬ አፍንጫዋን ሳበችና «ስለነገርከን ተባረክ፣ ወንድም ነጋሳ። ጌታ ዘመንህን ይባርክ» አለችው።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ አንዲት ቃል ናት። ነጋሳ አሜን ማለት አቃተው።