ቀይ አልሆንም ያለው ካልሲ

ማማ ቶማሳ የምትችለው ሁለት ነገር ነው፦ ሱፍ መንከርና ኳስ መያዝ። በተረፈው ሁሉ ባሏ ፍሎሬንቲኖ ይበልጣታል፤ ድንች እንኳ የሱ ቅቅል ይጣፍጣል። እሷም ይህን አትክድም፤ ብቻ ቀለምና ኳስ ሲነሳ ማንም ከፊቷ እንዲቆም አትፈልግም።

ግብ ጠባቂ የሆነችው ሳታስበው ነው። በተራራማዋ መንደራቸው በዋይራፓምፓ፣ በቅዱሱ በዓል ቀን፣ የላይ ሰፈር ሴቶች ከታች ሰፈር ሴቶች ጋር ኳስ ይገጥማሉ፤ ሽልማቱ አንድ በግ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት የላይ ሰፈሯን ግብ ጠባቂ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ምጥ ያዛት። ቶማሳ ደግሞ ምሳ አምጥታ ከግቡ አጠገብ ቆማ ነበር። «በይ አንቺ ቁሚ» አሏት፤ ቆመች። እንደ አገሩ ወግ አምስት ቀሚስ ደራርባ ስለነበር፣ የተመታችው ኳስ ሁሉ ቀሚሷ ውስጥ ገብታ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የነቀላት የለም። የታች ሰፈሯ አጥቂ፣ ልጇን ክርስትና ያነሳችላት አበልጇ ባሲሊሳ፣ በየዓመቱ ስትመታባት ሃያ ዓመት ሞላት፤ አንድም ቀን አላገባችባትም።

ዘንድሮ ግን ኔሊዳ መጣች። ኔሊዳ ኩስኮ ከተማ ተምራ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የተመለሰች የላይ ሰፈር ቡድን አዲስ አምበል ናት።

«ማማ ቶማሳ፣ አይቀየሙኝና፣ ዘንድሮ ግቡ ላይ ዩዲ ትቁም፤ ገና አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንደ ድመት ነው የምትዘለው» አለቻት።

«ድመት አይጧን ትያዝ። ኳስ ምን አገባት?»

ነገሩ በዚህ ቢቀር ደግ ነበር። ኔሊዳ ግን በዚያው ቀን ከከተማ ያመጣችውን ካልሲ ዘረገፈች። የላይ ሰፈር ቀለም ቀይ ነው፤ ካልሲዎቹ ደግሞ ነጭ ናቸው። ቀዩ ገበያው ላይ አልቆባት ነው። ሴቶቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ቶማሳ አንዱን አንስታ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«ይለሰልሳል። የምን በግ ነው?»

«የበግ አይደለም ማማ፤ የፋብሪካ ነው።»

«ፋብሪካውስ ከበግ አይደል የሚያመጣው? አታስቡ፤ እስከ እሁዱ ጨዋታ ቀይ አደርግላችኋለሁ። እስከዛሬ እምቢ ያለኝ ክር የለም።»

«እምቢ ቢልዎትስ?» አለች ኔሊዳ፣ ዓይኗ ብልጭ ብሎ።

«እምቢ ካለኝማ ጓንቴ ለዩዲ!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? አመለጣት።

ረቡዕ ጠዋት ካልሲዎቹን እንዳይጠፋፉ ጥንድ ጥንዱን በነጭ የሱፍ ክር አሰረች። ከአጥሯ ቁልቋል ላይ ለቅማ ያደረቀቻቸውን ትንንሽ ነፍሳት ወቀጠች፤ ያን ጊዜ ነው ቀዩ ከሆዳቸው የሚወጣው። ሎሚ ጨመቀችበት፣ ጨው ጨመረች፣ ድስቱን ግቢው ውስጥ ጣደች። ከዚያ ዙሪያውን በብርድ ልብስ ጋረደችው። የማቅለሚያ ድስት የባዕድ ዓይን አይወድም፤ ባዕድ ካየው ቀለሙ ይደነግጥና ከክሩ ይሸሻል። ዋይራፓምፓ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ፍሎሬንቲኖን እንኳ ከግቢ አስወጥታዋለች።

«ምሳዬስ?» አለ ከአጥር ውጭ።

«ቀለሙ እስኪይዝ ጹም!»

ባሏን ስትቆጣ ግን ከበስተጀርባዋ፣ ከብርድ ልብሱ በላይ፣ አንድ ባርኔጣ ብቅ አለ። ከባርኔጣው ሥር ያለው የባሲሊሳ ፊት ነበር።

«አበልጅ፣ ክብሪት አለሽ? ምንድን ነው የምትቀቅዪው፣ ቀይ ሥር ነው?»

«ሂጂልኝ! ዓይንሽን አንሺልኝ!»

«ኧረ ምን ጉድ ነው? ክብሪት እኮ ነው ያልኩሽ» አለች ባሲሊሳ፤ ግን አንዴ አይታዋለች።

ካልሲዎቹ ሲወጡ የአሳማ ግልገል ጆሮ መስለዋል፤ ፈዛዛ ሮዝ። ቶማሳ ደሟ ፈላ። እኩለ ቀን ሳይሆን የባሲሊሳ ዓይን ቀለም ማባረሩን ላይ ሰፈር ሁሉ ሰማ። ሐሙስ ቤት ዘግታ፣ ነፍሳቱን እጥፍ አድርጋ ደገመች። ያው ሮዝ። አርብ ኮምጣጤ ጨመረችበት፤ ድስቱን እየለመነች፣ እየተሳደበች ጠበቀችው። አሁንም ያው ሮዝ።

አርብ ከሰዓት ልታሰጣቸው ጥንዶቹን ስትፈታ እጇ ቀጥ አለ። ያሰረችበት የሱፍ ክር ደም መስሏል። እዚያው ድስት ውስጥ የነበረ ክር ነው፤ ያው ዓይን ያየው፣ ያው ውሃ የነካው። ከአንዱ ካልሲ ጫፍ ቁራጭ ቆርጣ እሳት ላይ ጣለች። እንደ ላስቲክ ቀለጠና ግማቱ ቤቱን ሞላው።

«ፍሎሬንቲኖ፣ ይሄ ነገር በዘመኑ በግ አይቶ አያውቅም» አለች ቁጭ ብላ።

ፍሎሬንቲኖ አሰበ አሰበና፣ «ታዲያ ዝም በያ። ሰው ሁሉ የባሲሊሳ ዓይን ነው ብሎ አምኗል። ምን አስለፈለፈሽ?» አላት።

ቅዳሜ ቡድኑ ተሰበሰበ። ሮዞቹን ካልሲዎች ያየ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ የሳቀባት የለም። ኔሊዳም ብትሆን የአገሯን ደንብ አልረሳችም።

«በባዕድ ዓይን የተበላሸ ቀለም በነካሪዋ አይቆጠርም። ጓንቱ የእርስዎ ነው፣ ማማ» አለች።

ቶማሳ አሁን ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። እጇ ግን ኪሷ ውስጥ ቀዩን ክር ጨብጧል፤ ያ ክር ደግሞ አላስቀምጥ አላት። አወጣችው።

«ዓይን ቢሆን ኖሮ ይሄንንም ባስደነገጠው ነበር። አበልጄን በከንቱ አማኋት። ክሩ እምቢ ብሎኛል፤ አልቻልኩም» አለች። ራሷ ሠርታ፣ ራሷ የነከረቻቸውን ቀይ የሱፍ ጓንቶች ከጉያዋ አውጥታ ለዩዲ ሰጠቻት። እቤቷ እስክትደርስ እንባዋን ያዘችው፤ ከደረሰች በኋላ ግን አልያዘችውም።

እሁድ የላይ ሰፈር ሴቶች በሮዝ ካልሲ ወጡ፤ እንዳይንሸራተት ከጉልበታቸው ሥር ያሰሩበት ክር ብቻ ቀይ ነበር።

«አሳማዎቹ መጡ!» ብሎ ጮኸ ታች ሰፈር።

ባሲሊሳ ጨዋታውን ልታስጀምር ቀና ስትል ግቡ ላይ ዩዲን አየች፤ ከግቡ ጎን ደግሞ ቶማሳ፣ እሷም ሮዝ ካልሲ አጥልቃ፣ እንደዛሬ ሃያ ዓመቱ ምሳ ይዛ ቆማለች። ባሲሊሳ ኳሱን በእጇ አንስታ መሬት አስቀመጠችና ተቀመጠችበት።

«አልጫወትም።»

ኔሊዳ ፊሽካዋን ነፋች፤ ባሲሊሳ ወይ ፍንክች። ስለ ውርርዱ ነገሯት።

«ውርርዱ የናንተ ነው። እኔ ግን ከረቡዕ ጀምሮ ጎረቤት ሁሉ ድስቱን ሲከድንብኝ ሰነበተ፤ የሾርባ ድስት ሳይቀር! ካሳ ይገባኛል።»

ቶማሳ ምሳውን አስቀምጣ መጣች። «ይገባሻል፣ አበልጅ። በድዬሻለሁ። ምን ልካስሽ?»

«ግቡ ላይ ቁሚልኝ። ሃያ ዓመት የለፋሁት እቺ እንጭጭ ላይ ለማግባት ነው እንዴ?»

ሁሉም ኔሊዳን አየ። ኔሊዳ ፊሽካውን ከአፏ አወጣች፤ ካሳ ሲጠየቅ አምበል ምን ይላል? ዩዲ ግን የማንንም ቃል አልጠበቀችም፤ ጓንቶቹን አውልቃ የቶማሳ እጅ ላይ ጣለችና እፎይ አለች።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ባሲሊሳ ኳሷን ይዛ ብቻዋን መጣች። መታች። ቶማሳ እንደ ልማዷ አምስቱን ቀሚስ ዘርግታ ወደቀች፤ ኳሷ ግን በሁለቱ ሮዝ ካልሲዎች መሀል አልፋ፣ ከአምስቱ ቀሚስ ሥር ሾልካ፣ በወዲያ በኩል ወጣች። «ጎል!» ብሎ ጮኸ ታች ሰፈር።

ባሲሊሳ እየሮጠች መጥታ እጇን ዘረጋችላት። ቶማሳ አፈር ላይ ተጋድማ ከት ብላ ትስቃለች።

«አበልጅ፣» አለች ባሲሊሳ ጎትታ እያነሳቻት፣ «ደግሞ በዓይኗ ነው ብለሽ እንዳታወሪብኝ። በእግሬ ነው።»