ባዶ አፉን አያድርም

ዳንግላ ውስጥ ይታይሽን የማያውቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይደለም። የአንድ የግብርና ፕሮጀክት ጸሐፊ ናት፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱም ሌላውም አስቸኳይ ጽሑፍ ሲገጥመው ወደ እሷ ይሮጣል። ጣቶቿ ታይፑ ላይ ሲወርዱ በቆርቆሮ ቤት ላይ በረዶ የወረደ ይመስላል። ምላሷም ከጣቷ አይተናነስም። የማይነበብ ረቂቅ ያመጣላትን ኃላፊ "ይህን በእጅዎ ነው በእግርዎ የጻፉት?" ብላ ትመልሰዋለች። ከሥራ በኋላ ደግሞ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ታይፕ ታስተምራለች።

አንድ የማትሽረው ሕግ ነበራት። ታይፕ ባዶ አፉን አያድርም። ያስተማሯት ሽማግሌ ጸሐፊ እንዲህ አስለምደዋታል፤ ሥራ ሲያልቅ ንጹሕ ወረቀት ይገባበታል፣ በላዩ ልብሱ ይደረባል፣ ያኔ አቧራ አይገባውም፣ ወረቀት የሚጠቀለልበት ጎማውም አይጎዳም። ይህን የዘነጋ ተማሪ እጁ ላይ ማስመሪያ ይቀምስ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ሁለት ክረምት ሲቀረው ለፕሮጀክቱ ኮምፒዩተር መጣ። ይታይሽ ነጭ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ ስለማያውቅ ግን ለወራት ለብሶ ከመቀመጥ በቀር የፈየደው የለም።

ኋላ ጠሃ የሚባል ወጣት አዲስ አበባ ሠልጥኖ፣ በአማርኛ የሚያጽፍ ፕሮግራም በዲስክ ይዞ መጣ። ጠሃ የቆሰበር ልጅ ነው፤ እናቱ ሀሊሜ እዚያ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ከእሱ በቀር ልጅ የላትም። ታይፕ የተማረው ከይታይሽ ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲጭን ቆይቶ "ይታይሽ" ብሎ ጻፈ። ስሟ በመስታወቱ ላይ በራ። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ተናዳ ጠረገችው። ጠሃ ዲስኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ለነገው ዝግጅት ወንበር ሊያስመጣ ወጣ። ቢሮውን የዘጋችው እሷ ናት።

በማግስቱ ከባሕር ዳር የመጡ እንግዶች ክፍሉን ሞሉት። ማሽኑ አማርኛ ሲጽፍ ሊያዩ ነው። የፓርቲው ኃላፊ ጓድ ዋኘው ስለ ቴክኖሎጂ ረጅም ንግግር አድርጎ ዳንቴሉን ራሱ ገለጠ። ጠሃ አበራው። ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመ፣ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጻፈና ቀጥ አለ። ጠሃ አጥፍቶ አበራው፤ ያው ነው። እንደገና፤ ያው። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

"ትናንት ደህና ነበር። አንተ ያንን ነገር ከጫንክበት በኋላ ሞተ" አለ ጓድ ዋኘው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ይህ አሻጥር ነው።"

አሻጥር በዚያ ዘመን ቀልድ የሚነገርበት ቃል አይደለም። በእሱ ስም ተይዞ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ሁሉም ያውቃል። ይታይሽ ክው አለች። ወዲያው የሀሊሜ ፊት መጣባት።

ጓድ ዋኘው እንግዶቹን ሻይ ሊጋብዝ ሲወጣ በሩ ላይ ጠባቂ አቆመ። ጠሃ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሸ፣ ደህና ናቸው። ከዚያ በሳጥኑ ፊት ያለችውን፣ ዲስክ የሚገባበትን አፍ መቆለፊያ ከፈተና ከውስጥ ዲስክ ሳበ። ያንኑ የፕሮግራሙን ዲስክ። አየው፣ ይታይሽንም አየ። ሲያበራው ማሽኑ ያለ አንዳች ችግር ተነሣ።

"ምን ነበር?" አለች።

"ዲስክ ውስጡ ከተቀመጠ ሲበራ የሚነሣበትን ትእዛዝ እዚያ ላይ ይፈልጋል፣ እትዬ። ሲያጣ ይቆማል። ሌላ ምንም አልሆነም።"

ትናንት ስትዘጋ እጇ የለመደውን አድርጓል። አፉ ባዶ እንዳያድር ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን ዲስክ አጉርሳ፣ ቆልፋ፣ ዳንቴሉን አልብሳዋለች።

አፏን ሳትከፍት ጓድ ዋኘው ተመለሰ።

"ዲስክ ውስጡ ቀርቶ ነው" አለ ጠሃ። "እኔ ረስቼው።"

"ረስተኸው ወይስ ሆን ብለህ?" ለጠባቂው ምልክት ሰጠ። "ይዘኸው ሂድ፣ እዚያ ያስታውሳል።"

ጠባቂው ክንዱን ያዘ። ጠሃ ቀና አላለም።

"ልቀቁት፣ እኔ ነኝ" አለች ይታይሽ። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። ወደ አሮጌው ታይፕ ሄዳ ልብሱን ገፈፈች። ንጹሑ ወረቀት እንደገባ አድሯል። "ይኸው። ታይፕን ባዶ አፉን አላሳድርም። ያንንም እንደዚሁ አደረግሁት። ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚታሰር ካለ እኔን እሰሩኝ።"

ጓድ ዋኘው ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። እንግዶቹ በር ላይ ተደርድረዋል።

"የእኔዋም ጸሐፊ እንደዚሁ ታደርጋለች" አለ በመጨረሻ፣ እየከበደው። ጠባቂው እጁን አነሣ። ኃላፊ ግን ባዶ እጁን አይወጣምና፣ "ለጓድ ይታይሽ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይጻፍላት። በዚሁ በአዲሱ ማሽን፣ እንግዶቹ እያዩ" አለ።

እንዲህ ሆነና ያ ኮምፒዩተር በሰው ፊት የጻፈው የመጀመሪያው አማርኛ የይታይሽ ማስጠንቀቂያ ሆነ። የጻፈችውም ራሷ ናት። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ወደ ጠሃ ዞረች።

"ገና ስታወጣው አውቀሃል።"

"አውቄያለሁ።"

"ታዲያ እናትህን እንኳ አላሰብክም? ለምን በራስህ ላይ ትመሰክራለህ?"

ጠሃ መዳፉን ዘርግቶ አሳያት።

"እርስዎ ነዎት እኮ በማስመሪያ ያስተማሩኝ፣ እትዬ። እናቴማ፣ እርስዎን አሳስሬ ብመለስ ቤት አታስገባኝም።"