ትዕዛዙና የማሽኑ ዓይን

ትዕዛዙ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። አባቱ ማንኩሳ አጠገብ ባሉ መንደሮች ወናፍ እየነፉ ለአገሬው ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ኖረዋል። አገሬው ግን ማረሻውን ከመውሰድ አልፎ ከማዕዳቸው አይቆርስም ነበር፤ “ዓይናቸው ይበላል” ይላቸዋል። ትዕዛዙ ይህን ስም ሸሽቶ ቡሬ ገባ። ዳሩ ግን የሚያውቀው ብረት ብቻ ነበርና ከከተማው ዳር ባለ አንድ የፌሮ ፋብሪካ ተቀጠረ።

ሥራው እሳት መቅለብ ነበር። ከምድጃ የወጣው ብረት ፍም መስሎ፣ ጨፍልቆ ከሚያቀጥነው መዳመጫ ሲወነጨፍ ጫፉን በጉጠት ይይዝና ዞሮ ለሚቀጥለው መዳመጫ ያጎርሰዋል። ከወዲያ በኩል ተቀብሎ የሚመልስለት ቢሆነኝ የሚባል የቋሪት ሰው ነው። አንዱ ከዘገየ ሌላው ይቃጠላል። አንድ ቀን ብረቱ ከመስመር አፈንግጦ ወደ ትዕዛዙ አንገት ሲመጣ ቢሆነኝ ዘሎ ገፍትሮ ጣለው፤ የራሱ ክንድ ተላጠ። ከዚያ ወዲህ ትዕዛዙ እንደ ወንድሙ ያየው ነበር፤ የቀጥቃጭ ልጅ መሆኑንም የነገረው ለእሱ ነበር።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ፋብሪካው በኮምፒውተር የሚታዘዝ መስመር አስገባ። ጉጠት የሚይዝ ሰው ማስፈለጉ ቀረ። ከቀላቢዎቹ ጥቂቱ ሠልጥነው በመስታወት ክፍል ስክሪን እንዲከታተሉ፣ የቀሩት እንዲሰናበቱ ተወሰነ። ፈተና ተሰጠ፤ ትዕዛዙ አለፈ። ቢሆነኝ ወደቀ፤ አዲሱ መስመር እስኪረጋ ድረስ ብቻ ቁርጥራጭ ብረት እንዲለቅም ተደረገ።

ትዕዛዙ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ሰሞን መስመሩ ይታመም ጀመር። በደህና እየሄደ ሳለ አንዱ መዳመጫ በድንገት ይቆማል፤ ከኋላ የሚመጣው ብረት መግቢያ ያጣና ወደ ጣሪያ ተወርውሮ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አንድ ቀን እንዲህ የተወረወረ ብረት ከአንድ ሠራተኛ እግር ሥር ወደቀ። ሰውዬው ለጥቂት ተረፈ።

በማግስቱ ትዕዛዙ ምሳ ሊበላ ቢቀመጥ፣ አብረውት የሚበሉት ሁሉ ሳህናቸውን እያነሱ ሄዱ።

የፈረቃው ኃላፊ ጋሼ ወልደ ዮሐንስ ጠሩት። ፊቱን ማየት አልቻሉም።

“ለጥቂት ቀን ከክፍሉ ራቅ ብትል ምን ይመስልሃል?”

“ምን አጠፋሁ?”

“ኧረ ምንም። ሰው አወራ እንጂ። እኔ አላምንበትም...”

“ምን ብሎ አወራ? አንቱ ይንገሩኝ።”

ጋሼ ወልደ ዮሐንስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ ያገላብጡ ጀመር። አባቱ እንዲህ ያለ የዓይን ወሬ ሲነሳባቸው ወናፋቸውን ጠቅልለው መንደር ይለውጡ ነበር።

“ዛሬ ከወጣሁ ‘እውነት ነው’ ብዬ መመስከሬ ነው” አለ። “ያባርሩኝ እንጂ በገዛ እግሬ አልወጣም።”

ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከመስታወቱ ውጭ ሠራተኛው ተሰብስቦ እሱን ያያል። ብረቱ ተለቀቀ። እጁን የመስመሩ ማቆሚያ ቁልፍ ላይ አድርጎ፣ “ዛሬ ሰው ከገደለስ?” እያለ ስክሪኑን ይከታተል ነበር። መዳመጫው ቆመ። ትዕዛዙ ማቆሚያውን መታው፤ ብረቱ ሰው ሳይነካ ግማሹ ተጣጥፎ ቀረ።

ችግሩን እንድትፈልግ ከአዲስ አበባ የተጠራች ሕሊና የምትባል መሐንዲስ ከመስመሩ ሥር ገብታ ቆየችና ፊቷ ጥላሸት ለብሶ ወጣች።

“አገኘሁት!” አለች ጮክ ብላ። “ዓይን ነው!”

ሠራተኛው አማተበ። ሁሉም ወደ ትዕዛዙ ዞሮ አየ።

ሕሊና ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች። “ምን ሆናችሁ? የማሽኑን ዓይን ነው የምላችሁ! ብረቱ መምጣቱን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ይሄ መስታወት ነው። የማቀዝቀዣው ውኃ እንፋሎት ሸፍኖታል፤ አያይም።” በጨርቅ ጠረገችው፤ መከለያም አሠራችለት። ብረቱ በደህና ያልፍ ጀመር። ይቅርታ ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ወሬውን ማን እንደጀመረው ትዕዛዙ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ቢሆነኝ በተሰናበተበት ቀን ትዕዛዙ በር ላይ ጠበቀው።

“አንተ ነህ አሉ።”

ቢሆነኝ ጉጠት የለመዱ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። “አንተ ከወጣህ ወንበሩ ለእኔ ይደርሳል ብዬ ነው። ልጆች አሉኝ።”

“ግን ታምንበታለህ?”

“አላምንም። አንተን አላውቅህም እንዴ?”

“አምነህበት ቢሆን ይሻለኝ ነበር” አለ ትዕዛዙ። ዞሮም ወደ ውስጥ ገባ።

ቢሆነኝ ፍኖተ ሰላም ሄዶ በር የሚበይድ ቤት ገባ ተባለ። ትዕዛዙ ዛሬም ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል። ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሲወርድ አውቶቡሱ በብየዳ ቤቶቹ በኩል ያልፋል፤ ብልጭታ ባየ ቁጥር ቢሆነኝ ይሆን እያለ ዓይኑ የሚበይደውን ሰው ይፈልጋል። ወርዶ ግን ጠይቆ አያውቅም።