የወይዘሮ አስካለ መናጫ

ልጅ ሳለሁ ሱሉልታ ውስጥ መብራት የጠፋበት ምሽት ለእኔ በዓል ነበር፤ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ የከሰል ምድጃቸውን ደጃፍ አውጥተው የሚተርኩልን ያኔ ብቻ ነበርና። ከሁሉ የማልረሳው የትንሿን ወፍ ተረት ነው። ጭልፊት እንቁላሎቿን ይበላባታል። እሷም ልትበቀል የጭልፊቱ ጎጆ ያለበት ቅርንጫፍ ላይ በንዴት ትዘላለች፤ ቅርንጫፉ አንዴ ይወዛወዝላታል፣ አንዴ ደግሞ የራሷ እርግጫ መልሶ ያቆመዋል። በመጨረሻ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ቅርንጫፉን ታስተውለውና ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ብቻ ትረግጠው ጀመር። ውዝዋዜው እያደገ፣ እያደገ ሄዶ ጎጆውን ወንዝ ውስጥ ጣለው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ «ትንሽ ጉልበትም ጊዜውን ካወቀ ይበቃል።»

ትዕግሥት ያስተማሩኝ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን፣ እናቴ እርጎ ትንጥላቸው የነበሩት ወይዘሮ አስካለ ቅቤ ሰረቀችኝ ብለው በሰፈሩ ሰው ፊት አባረዋት ነበር። እናቴ የሰው ነገር ነክታ አታውቅም። ከዚያ ወዲያ አንገቷን ደፍታ ስትሄድ ሳይ ሴትዮዋን አንቱ ማለቱንም ተውኩት።

በበዓል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ አዲሷ ሠራተኛ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ ጓሮዋ ገባሁ። እርጎ የሞላው ትልቁ የመናጫ ቅል ከጓሮው ዳስ አግዳሚ በገመድ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ በንዴት ደጋግሜ ገፋሁት፤ ሲመጣ ከእጄ ጋር እየተጋጨ ቆመ። ያኔ ወፏ ትዝ አለችኝ። ወደ እኔ መጥቶ ሊመለስ ሲል ብቻ በመዳፌ ነካ አደረግኩት፣ ጠበቅኩ፣ እንደገና ነካ አደረግኩት። ሁለት እጄ ያልቻለውን ቅል አንድ መዳፍ አስፈነጠረው። ምሰሶውን መታና ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የበዓሉ ቅቤ ገና ሳይወጣ አፈር ላይ ፈሰሰ። ደስ አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

በማግስቱ ያቺ ሠራተኛ ልጇን አዝላ እያለቀሰች በደጃችን አለፈች። ቅሉን የሰበርሽው አንቺ ነሽ ተብላ ተባርራለች። እናቴ አስገብታ ከእኛ ጋር አበላቻትና፣ «ይህን ሥራ ሠርቶ በአንቺ ያሳበበውን እግዜር የሥራውን ይስጠው» አለች።

ሴትየዋ አሜን አለች። እኔም ጉርሻዬን እንደያዝኩ አሜን አልኩ።

ወይዘሮ አስካለን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። የእናቴ እርግማን ማን ላይ እንዳረፈ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።