የጋሽ ደበበ ባዶ ፖስታዎች

«ካልገዛሽ አትነካኪው» አለችኝ ፈረንጇ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ። ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር፣ ደጃፏ ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግታ ትሸጣለች። እውነቷን ነው፤ እጄ አያርፍም። ግን አንዱን ካርቶን የከፈትኩት ሽታው ስቦኝ ነው፦ ምድር ቤት የከረመ ወረቀት፣ ትንሽ እርጥበት፣ ትንሽ ሙጫ። የጋሽ ደበበ ቤት ልክ እንደዚህ ነበር የሚሸተው።

እዚሁ ከተማ፣ ቢከን ሂል ሳድግ ጎረቤታችን ነበሩ። ሲታክ ኤርፖርት የሆቴል ሻትል ይነዳሉ፤ በእረፍት ቀናቸው ደግሞ አሮጊትና ሽማግሌ ሲሞት ልጆች የሚሸጡትን የቤት ዕቃ እየዞሩ የድሮ ፖስታ ይለቅማሉ። ያገኙትን ሁሉ አይደለም። ድሮ ወደ አይስላንድና ወደ ፋሮ ደሴቶች በመርከብ ወይም በአውሮፕላን የተላከውን ብቻ ነው የሚፈልጉት። ሲያትል ደግሞ የድሮ ደብዳቤያቸውን ይዘው ከዚያ የመጡ ሰዎች የልጅ ልጆች አያጡም።

ሰፈሩ ይስቅባቸው ነበር። አባቴማ «ደብዳቤ የሌለው ፖስታ ምን ያደርግልሃል? እህል የሌለው ጆንያ» እያለ ይተርባቸዋል። እሳቸው ግን «ውስጡ የሰው ጉዳይ ነው፣ እኔ የምፈልገው መንገዱን ነው» ይሉና አንዱን በወረንጦ አንሥተው አጉሊ መነፅሩን ለእኔ ያቀብሉኛል። ፖስታው ባለፈበት ፖስታ ቤት ሁሉ የተመቱትን ማኅተሞች አንድ በአንድ ያሳዩኛል። ይሄኛው ኮፐንሃገን ወርዶ ሌላ መርከብ ጠብቋል፤ ያኛው አድራሻው ተሰርዞ ከደሴት ደሴት ዞሯል። «ሻንጣ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጠፍቶ ነበር» ብለው ይስቃሉ።

አንድ ዓመት ለልደታቸው ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ሰርፕራይዝ አደረጓቸው። ሳሎኑ በቸርች ሰው ጢም ብሏል። እትዬ ብርቄ ቀይ አልበም አቀረቡ። ጋሽ ደበበ ሲገልጡት፣ ቴምብሮቹ ብቻ በየቀለማቸው ተደርድረዋል። እትዬ ብርቄ ሰው የሚሰበስበው ቴምብር ነው ብለው፣ ፖስታዎቹን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ቴምብሩን ልጠው፣ አድርቀው ለጥፈዋል።

«ያን ሁሉ ቅራቅንቦ ወረቀት ሪሳይክል አደረግኩልህ» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። ሰው አጨበጨበ።

ማኅተሙ፣ አድራሻው፣ መንገዱ በሙሉ ያለው እኮ የተጣለው ላይ ነው! እኔ ደግሞ ያኔም የመጣልኝን ከመናገር አልመለስም። አፌን ከፈት ሳደርግ ጋሽ ደበበ ከኬኩ ትልቅ ቆርሰው አጎረሱኝ። እኔ ሳላምጥ ወደ ሚስታቸው ዞሩና «እጅሽ ይባረክ» ብለው እሳቸውንም አጎረሱ።

ሲሸኙኝ ደረጃው ላይ፣ ለምን ዝም አሉ ብዬ አፋጠጥኳቸው።

«አሁን ተመልሶ አይለጠፍ» አሉኝ። «ዓይኗን እያመማት ነው የሠራችው። እኔ ኖርኩም አልኖርኩም፣ እንዳትነግሪያት።»

ከዚያ ወዲያ እንደ አዲስ ጀመሩ። የሚገዙትን ፖስታ እኛ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት እኔ አንድ ቦታ ቁጭ የምለው ያኔ ብቻ ነበር። ውሎ አድሮ አባቴም አጉሊ መነፅሩን ይሻማኝ ጀመር።

ጋሽ ደበበ አምና ዐረፉ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ የፖስታውን ካርቶን መኪናዬ ውስጥ ጭኜ እትዬ ብርቄ ጋ ሄድኩ፤ የባላቸው ነው፣ እሳቸው ጋ ይሁን ብዬ። ፓርክ አድርጌ መጀመሪያ ባዶ እጄን ገባሁ። ቀዩ አልበም ሶፋው ላይ ነበር፤ ጠርዙ አልቋል።

«ከሥራ ሲገባ ሳይገልጠው አይቀመጥም ነበር» አሉኝ። «አንቺ ከሥሩ አትጠፊም ነበር፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ከነዚህ አብልጦ የሚወደው የቱን ነበር?»

ነጭ ወፍ ያለባትን ሰማያዊ ቴምብር ጠቆምኩ።

«እሷን ሳደርቃት ልትቀደድብኝ ነበር እኮ» አሉ፣ በጣታቸው ቀስ አድርገው እየዳሰሷት።

የካርቶኑን ነገር ሳላነሣ ጉንጫቸውን ስሜ ወጣሁ። ካርቶኑን ከመኪናው ኋላ አንሥቼ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ ቀበቶ አሰርኩለትና ወደ ቤት ነዳሁ።